ከመቶ አርባ በታች

ሐጂ ቃሲም ሐሙስ ዕለት ከሱብሂ ሶላት በፊት ሞቱ። ፀሐይ ከጨፋ ሜዳ ማዶ ሳትወጣ ልጃቸው ሪድዋን ገዳያቸውን በስም ጠርቶ ምሎ ነበር።

ኢንስፔክተር ሳቢራ ነገሩን የሰማችው ከቤተሰቡ አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ከሚሴ ፖሊስ ጣቢያ የደወለችው ከአዲስ አበባ፣ ዶክተር ከውሰር የምትባል የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ናት።

«ሐጂ ቃሲምን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የአንጎል ኤምአርአይ አንሥቼ የመረመርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ልጃቸው ንጋት ላይ ደውሎ የሚወስዱትን ኪኒና ስም ነገረኝ። እኔ ያዘዝኩት አይደለም፤ እንዲያውም እንዳይነኩት ያልኩት ነው። ደንግጬ ‹ይህን ማን ሰጣቸው?› አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አላማረኝም።»

ሳቢራም አላማራትም። ሟቹ ቤት ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቶ ድንኳን ይተከላል። በሩ ላይ ሼህ ኢብራሂም ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ሼህ ኢብራሂም በአካባቢው ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁ አባጋር ናቸው፤ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ሳቢራ» ሲሉ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሏት።

«ነጋ፣ አባ። ሪድዋን የጠረጠረው ማንን ነው?»

«ሙጂብን፤ የመድኃኒት ቤቱን ልጅ። ክላሹን ከሪድዋን እጅ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጉልበቴ፣ እሱ ወድዶ ባይለቅልኝ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሰው ትቀብሩ ነበር።» ሽማግሌው ሳይሥቁ ቀጠሉ። «የሦስተኛው ቀን ዱዓ እስኪደረግ እጁን እንዲሰበስብ በቁርኣን አስምዬዋለሁ። ቅዳሜ ከዱዓው በኋላ ግን እኔም አላስቆመው፣ አንቺም አታስቆሚው።»

«ሙጂብስ የት አለ?»

«አንቺው ጣቢያ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ሌባው ሁሉ እንዲህ በእግሩ ቢመጣላችሁ ሥራ ትፈቱ ነበር።»

«በኪኒና ብቻ ነው እንዲህ የተማለው?»

«የጀይላን ልጅ ስለሆነም ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ጀይላን በግጦሽ ጠብ የሐጂን ወንድም ገደለ። ደሙን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ከብት ተነዳ፣ ልጃገረድ ተሰጠች፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ገበታ ይበላሉ። አሁን የጀይላን ልጅ ከሞተ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም። እኔ እንደሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አልደርስበትም።»

አስከሬኑ ታጥቦ በከፈን ተጠቅልሏል። ሳቢራ ከፊቱ ላይ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። የሰባት ወር ሕመም ቀኝ ጉንጫቸውን አንጠልጥሎ አስቀርቶታል፤ ከዚያ በቀር ምንም ምልክት የለም። ተኝተው የቀሩ እንጂ ሰው የገደላቸው አይመስሉም።

የተኙበት ክፍል በወፍራም መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ራስጌው ላይ የደም ግፊት መለኪያ ማሽን፣ አንድ ደብተርና አራት ፍሬ የቀረበት የኪኒና ማሸጊያ ተቀምጧል። ሚስታቸው ዓዲላ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት።

«እትዬ ዓዲላ፣ አላህ ያጥናዎት። ማታ እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ሁልጊዜው። አጎረስኋቸው፣ ኪኒናቸውን ሰጠኋቸው፣ ተኙ። ለሱብሂ ብነካቸው ቀዝቅዘዋል።»

«ኪኒናው ስንት ነው?»

«አንድ፤ ማታ ማታ። ሙጂብ በላከው መሠረት።»

«ግፊታቸውን የሚለካው ማን ነው?»

«ማሽኑን ክንዳቸው ላይ የማስረው እኔ ነኝ። ቁጥር አላነብም፤ ኢክላስ ገብታ አይታ ትጽፋለች።» ኢክላስ የሪድዋን ሚስት ናት።

«አዲስ አበባ የተነሡት ኤምአርአይስ ምን አሳየ?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ። ኢክላስም አብራን ነበረች፤ እሷ የተማረች ናት።» ከዚያ የሳቢራን እጅ ያዙ። «ሙጂብን በሕግ ያዙልኝ። ፍርድ ቤት ይፍረድበት። ልጄ እጁን በደም እንዳይነክር።»

ሳቢራ በሐዘን መካከል ይህን ያህል ማሰባቸውን በልቧ አመሰገነች።

ሪድዋን ከድንኳኑ ጀርባ ብቻውን ቆሞ ነበር። የከብት ነጋዴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የቀላ።

«ዶክተሯ ስለ ምርመራው ስታስረዳ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። ጁምዓ ነበር፤ መስጊድ ሄጄ ስመለስ ጨርሳለች። ሴቶቹ ናቸው የነበሩት። ‹አዲስ ነገር የለም፣ በዱዓ በርቱ› ነው የተባልነው።»

«ግፊታቸውን አንተ ለክተህ አታውቅም?»

«ፊት በየቀኑ እለካ ነበር። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል ተባለ። እሑድ፣ ሰኞና ሮብ።»

«አንተ በእነዚያ ቀናት የት ነህ?»

«ገበያ ነዋ። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ ሮብ ጨፋ ሮቢት።» ትዕግሥቱ አለቀ። «ኢንስፔክተር፣ ይህን ሁሉ ለምን ትጠይቂኛለሽ? አባቴን የገደለው ጣቢያሽ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው። ቅዳሜ ዱዓው ያልቃል። የጣቢያሽን በር አጥብቂ።»

ሐጂ ከዙሁር በኋላ ተቀበሩ። ሳቢራ ከቀብር በቀጥታ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ሙጂብ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ወላሂ አልክድም» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ደብተሩን አይተሽዋል? መቶ ሰባ አምስት፣ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰማንያ አምስት። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ግፊቱ እንዲህ ሲሆን ዝም ብል አይደል የምጠየቀው? ባለፈው ሳምንት ሮብ ጠንካራውን ኪኒና ሃያ ፍሬ ላክሁ። ማታ ማታ አንድ ብዬ ጽፌበታለሁ።»

«ሐኪም ሳያዝ?»

አንገቱን ደፋ። «ጥፋቴ እሱ ነው። ከአዲስ አበባ የተሰጠ ወረቀት ካለ ላኩልኝ ብዬ ሁለቴ ጠይቄያለሁ። የለም አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«መልእክቱን ያመጣችልኝ ኢክላስ ናት።»

«ደብተሩንስ?»

«እሱንም እሷው። አክስቴ ዓዲላ ራሷ አትመጣም፤ እኛ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።» ሻዩን ገፋ አድርጎ «የአባቴ ደም የደረቀው እኔ ሳልወለድ ነው» አለ። «እስከ ትናንት ሙጂብ ነበርሁ። ዛሬ አገሩ ሁሉ የጀይላን ልጅ ይለኛል።»

ሳቢራ ኢክላስን ያገኘቻት ዓርብ ጠዋት፣ ከለቀስተኛው ርቃ የአራት ዓመት ልጇን ነጅዋን ስታጥብ ነው።

«ደብተሩ ላይ የተጻፈው የአንቺ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው። ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ነው የምጽፈው። እማዬ ዓዲላ ከውስጥ ቁጥሩን ትጠራልኛለች።»

«ገብተሽ አይተሽ አታውቂም?»

ኢክላስ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም እዚሁ ተወልደሽ እንዲህ ትጠይቂያለሽ? ምራት አማቷ ወደተኛበት ትገባለች? ክንዱ ተገልጦ?»

«ነርስነት ጀምረሽ ነበር አሉ።»

«ደሴ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ሐጂ ናቸው ያስቀሩኝ፤ ‹የቤቴ ምራት የወንድ ክንድ ስትለካ አትውልም› ብለው። የሌላው ሰው ክንድ እንደዚያ ከሆነ የእሳቸውማ እንዴት ይሆናል?» ድምጿ ውስጥ ያረጀ ቂም ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

«አዲስ አበባስ ዶክተሯ ያለችውን ሰምተሻል?»

«ነጅዋ ስታለቅስ ኮሪደር ላይ ነበርሁ።»

ሳቢራ እያሰበች ተመለሰች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ዋሽታለች። ዓዲላ ኢክላስ ገብታ ታነባለች ይላሉ፤ ኢክላስ ዓዲላ አንብበው ይጠራሉ ትላለች። ቁጥሩን በፈለገችው መንገድ ልትጽፍ የምትችለው፣ ስለ መድኃኒት የምታውቀው፣ የአዲስ አበባው ወረቀት የለም ብላ የተናገረችው፣ በሟቹ ላይ ቂም ያላትም ኢክላስ ናት። ሁሉም ነገር ወደ ኢክላስ ይጠቁማል።

ወደ ሐጂ ክፍል ገባች። የግፊት መለኪያውን አንሥታ ከጎኑ ያለውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነች፤ ደጋግማ ተጫነች። ያየችውን በወረቀት ጽፋ ከደብተሩ ጋር ወሰደችው። ከዚያ ለዶክተር ከውሰር ደወለች።

«ያ ምርመራ ምንድን ነው ያሳየው?»

«ከወትሮው የተለየ ነው» አለች ዶክተሯ። «የሞተውን ቦታ ብቻ አያሳይም፤ በሕይወት ያለው አንጎል ከሚደርሰው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስድ ይለካል። የሐጂ ግራ አንጎል፣ በተመታው ቦታ ዙሪያ ያለው፣ የሚደርሰው ደም በጣም ጥቂት ነው። ግን ከዚያ ጥቂት ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አሟጦ እየወሰደ ይኖር ነበር። የጨፋ ከብት በበጋ ኩሬው ሲጎድል ጭቃውን እየላሰ እንደሚቆይ ማለት ነው፤ እንዲህ ብዬ ነው ለቤተሰቡም ያስረዳሁት። ደም ግፊቱ ሲወርድ ወደዚያ ቦታ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። አሟጦ የጨረሰ አንጎል ደግሞ ሌላ የሚወስደው የለውም። ስለዚህ የላይኛው ቁጥር ከመቶ አርባ እንዳይወርድ ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ።»

«ቢጠበቅላቸውስ ኖሮ?»

«ያ ቦታ የንግግር ቦታ ነው። ቀስ በቀስ ይናገራሉ ብዬ ነበር።»

«ይህን ያስረዳሽው ለማን ነው? ወረቀቱንስ በማን እጅ ሰጠሽ?»

ዶክተሯ መለሰች። ሳቢራ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት፤ ከዚያ ሼህ ኢብራሂምን ፍለጋ ወጣች። ሽማግሌው ከመስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ያኔ ለደሙ የተሰጠችው ልጃገረድ ማን ናት?»

ሼህ ኢብራሂም ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የጀይላን እህት። ለሐጂ ለራሳቸው ነው የተሰጠችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።» ከዚያ ጨመሩ። «ስሟን ያን ቀን አልጠየቅሁም።»

ቅዳሜ ከዱዓው በኋላ ወንዶቹ ከድንኳኑ አልወጡም። የሪድዋንን ፊት ብቻ ያያሉ። ሳቢራ በሼህ ኢብራሂም ዋስትና ሙጂብን አስመጣችና ቤተሰቡን በዚያው ክፍል ሰበሰበች። ዓዲላ ከምንጣፉ ላይ፣ ኢክላስ ነጅዋን ይዛ ከመጋረጃው አጠገብ፣ ሪድዋን በሩ ላይ፣ ሙጂብ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ሼህ ኢብራሂም ከአልጋው ራስጌ።

«ሐጂን የገደላቸው መርዝ አይደለም» አለች ሳቢራ። «ለሌላ ሰው መዳኛ የሚሆን ኪኒና ነው። የእሳቸው አንጎል ግን በተረፈችው ጥቂት ደም ይኖር ነበር፤ ግፊቱ ከመቶ አርባ እንዳይወርድ ዶክተሯ በጽሑፍ አስጠንቅቃለች። ተጠብቀው ቢሆን ይናገሩ ነበር።»

«ይናገሩ ነበር?» አለ ሪድዋን። ይህን ከዚህ በፊት የነገረው ሰው አልነበረም።

«ይናገሩ ነበር። እንግዲህ በዚህ ኪኒና ሰው መግደል የሚችለው ይህን የሚያውቅ ብቻ ነው። ለማያውቀው መድኃኒት ነው። ሙጂብ አያውቅም ነበር፤ ወረቀቱን ሁለቴ ለምኖ የለም ተብሏል። እሱ ያየው ደብተሩን ነው። ደብተሩ ደግሞ ሐሰት ነው።» ማሽኑን አነሣች። «ይህ ማሽን የለካውን ያስቀምጣል። ኪኒናው ሳይላክ ደብተሩ መቶ ሰባ አምስት ሲል ማሽኑ ያስቀመጠው መቶ ሃምሳ ነው። ከተላከ በኋላ፣ እሑድ፣ ደብተሩ ላይ መቶ ሰማንያ ተጽፏል፤ ማሽኑ ያስቀመጠው መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሰኞ ደብተሩ መቶ ሰማንያ አምስት፣ ማሽኑ ዘጠና ስምንት። ሮብ፣ በሞቱበት ዋዜማ፣ ዘጠና አንድ።»

ሙጂብ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ኪኒናው ከተላከ ስምንት ሌሊት ሆኗል። ሃያ ነበር፤ በሌሊት አንድ ቢሰጥ አሥራ ሁለት መቅረት ነበረበት። የቀረው አራት ነው። በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ተሰጥቷል። ልኬቱ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲሆን የተደረገው፣ ያውም ሪድዋን ሰንበቴ፣ ባቲና ሮቢት በሚውልባቸው ቀናት፣ ቁጥሩን እንዳያይ ነው።»

«ጸሐፊዋ ኢክላስ ናት» አሉ ዓዲላ በቀስታ። «እሷ ነች የምታነበው።»

«ለእኔም እንዲህ አሉኝ። ሪድዋን፣ ሚስትህ ከዚህ መጋረጃ ወዲያ ገብታ ታውቃለች?»

«በፍጹም» አለ ሪድዋን። «ነውር ነው። አባቴ ድምጿን ሲሰሙ እንኳ በደኅናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ይስቡ ነበር።» ተናግሮ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እናቱ ዞረ።

«እትዬ ዓዲላ፣ እኔ ፖሊስ ነኝና የነገሩኝን ሁሉ የምቀበል መስሎዎት ቸኮሉ። በዚህ ቤት ማንም የማያምነውን ነገር ነገሩኝ። ኢክላስ የምትጽፈው ከውጭ ቆማ ነው፤ ቁጥሩን ይጠሩላት የነበሩት እርስዎ ነዎት። አላነብም ያሉትን ቁጥር ደግሞ ዶክተር ከውሰር ፊት አንብበዋል። መቶ አርባ ብላ ጽፋ ስትሰጥዎ መልሰው አነበቡላት። ወረቀቱን የተቀበሉት እርስዎ፣ ብቻዎን ነበሩ፤ ሙጂብ ሲጠይቅ ‹የለም በይው› ብለው ኢክላስን የላኩም እርስዎ ነዎት። አንድ ጥያቄም ጠየቋት፤ ‹ግፊቱ ቢወርድ ያማቸዋል?› ‹አያማቸውም፣ ተኝተው ይቀራሉ› አለችዎ። ያዘኑላቸው መስሏት።»

ዓዲላ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከሉ።

«ማሽን ነው» አለ ሪድዋን። «ማሽን ይሳሳታል። ዶክተሯም ትሳሳታለች። መድኃኒቱ የወጣው ከማን ቤት ነው? ከጀይላን ቤት። በእናቴ ስም ላይ ይህን ከምሰማ ሙጂብን ገድዬ እስር ቤት ብበሰብስ ይሻለኛል።» ከሙጂብ ጎን ያሉት ፖሊሶች ተነሡ፤ ከድንኳኑም ሰዎች ሲነሡ ተሰማ።

ሳቢራ ሪድዋንን አላየችውም። ዓዲላን ነበር የምታየው። እኒህ ሴት ዝም ቢሉ በቀላቸው ይሞላል፤ ልጃቸው ግን ይጠፋል።

«ተወው፣ ሪድዋን» አሉ ዓዲላ። «እኔ ነኝ።»

ከምንጣፉ ሳይነሡ ቀጠሉ።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጀይላን ገደለና እኔን ከከብቱ ጋር ነዱኝ። የተሰጠሁት ወንድሙን ለቀበረ ሰው ነው፤ ፊቴን ባየ ቁጥር የጀይላንን ፊት ያያል። መትቶኝ አያውቅም። በስሜም ጠርቶኝ አያውቅም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ‹አንቺ የደም› ነው ያለኝ። ስትሮክ የመታው ቀን ዝም አለ። ሰባት ወር ነው በዕድሜዬ የኖርሁት። ያቺ ዶክተር ደግሞ ደስ ብሏት ‹ይናገራሉ› አለችኝ።»

«ሙጂብ ምን አደረገዎት?» አለች ሳቢራ።

«እሱ ምንም። አባቱ ግን ይወደዋል። እኔን በሰጠኝ ቀን ጀይላን የሚወደው ነገር አልነበረውም። እስኪኖረው ጠበቅሁ።» ከዚያ ወደ ሼህ ኢብራሂም ዞሩ። «ሼህ፣ ይህንንስ እንዴት ያደርቁታል? ገዳይም ሟችም ከአንድ ቤት ነው። ማንን ይሰጣሉ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ከመሬት አስቀመጡ። ኢክላስ ነጅዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ሪድዋን ወጥቶ ድንኳኑ ፊት ቆመ። አርባ የሚሆኑ ወንዶች ስም እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

«ደመኛ የለኝም» አላቸው። «ወደየቤታችሁ ግቡ።» ‹ማን ነው?› ያለው አንድ አጎቱ ነበር። ሪድዋን የግቢውን በር ከፈተላቸው።

ዓዲላ የፖሊሱ መኪና ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ሪድዋን መጥቶ እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ።

«ሙጂብ ቤቱ ገባ?» አሉት።

«ገባ፣ እማዬ።»

«ጀይላን ምን ይላል?»

«ልጁን አቅፎ ያለቅሳል።»

ዓዲላ ሻሻቸውን አጠበቁ። «ሙጂብን ሊገድል የማለው የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር» አሉ።

ሪድዋን እጁን ከመስኮቱ አላነሣም። ሳቢራ ሾፌሩን ትንሽ እንዲቆይ ነገረችው።